ያለ ሹክታ የተንኳኳ በር

ለመካሪነት የተመረጥኩት ብዙ ጊዜ ስለተሳሳትኩ ነው። ራሴን ዝቅ ላድርግ ብዬ አይደለም፤ የጥሪ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ይኸው ነው። «በሕዝብ ፊት የመሳሳት ልምድ ያላቸው» ይላል። በወጣትነቴ የእግር ኳስ ዳኛ ነበርኩ። በወሎ ሜዳዎች ላይ አሥራ አንድ ዓመት ፊሽካ ነፍቻለሁ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ያልሆነውን ሰጥቻለሁ፣ የሆነውን ከልክያለሁ፣ አንድ ጊዜም በጎመን ጭነት ሥር ተኝቼ ከከተማ ወጥቻለሁ። በሁለት ሺህ አርባ ሦስት ዳኝነቱን ማሽን ወሰደው፤ ተመልካቹም የሚሰድበው ሰው አጥቶ ቀስ በቀስ ሜዳ መምጣት ተወ። አሁን ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔም ስልሳ አንድ ሞልቶኛል።

ስሜ ያብስራ ነው፤ ያው የሽማግሌ ስም። የዘንድሮ ልጆች ስም ደግሞ ተናኘ፣ ደምሰው፣ ከድጃ፣ ይመኙሻል ነው። አራቱም ኮምቦልቻ ውስጥ ባለው የወንዝ ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሆኑ ለአርባ ቀን እኔ እጅ ወደቁ።

በአርባው ቀን ውስጥ ተማሪ ሹክታውን አውልቆ ይኖራል። ሹክታ ሰው ሁሉ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ የሚያደርጋት፣ ምስር የምታህል ነገር ናት። ምን እንደሚባል፣ ለማን እንደሚባል፣ መቼ ዝም እንደሚባል ትነግረዋለች። ልምምዱ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት የሹክታ መስመር ለሁለት ሰዓት ከተቋረጠ ወዲህ ነው። በዚያን ቀን አንድ አዳራሽ ውስጥ የተሰበሰቡ አርባ ኃላፊዎች ስብሰባውን እንዴት እንደሚዘጉ ግራ ገብቷቸው ሁለቱን ሰዓት ሙሉ እርስ በርስ ሲተያዩ ቆዩ። አንደኛው ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ሰው መጠየቅ አፍሮ የደረሰበትን አልናገርም። ከዚያ ወዲህ ለኃላፊነት የሚታጭ ተማሪ ሁሉ አርባውን ቀን ጨርሶ የመካሪውን ፊርማ ማግኘት አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሌም አንድ ናቸው። ልጆቹ ሹክታቸውን ብልቃጥ ውስጥ ከትተው ቀኑን ሙሉ ጆሯቸውን ያሻሉ። ደምሰው ትኩስ ምግብ በሚያወጣው ማሽን፣ በምግብ ሣጥኑ ፊት ቆሞ ሽሮ ይብላ ወይስ ምስር ለመወሰን አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጅቶበታል፤ ሰዓት ይዤ ነበር። ይመኙሻል ጓደኛዋን «አይሆንም» ማለት ስትለማመድ አስመለሳት። ከድጃ ገበያ ወርዳ ስለ ቲማቲም ዋጋ ተከራከረችና ባለ ጉሊቷን ከረታች በኋላ ከደስታዋ ብዛት ቲማቲሙን እዚያው ጥላው መጣች። እኔ ይህን ሁሉ በማስታወሻዬ እጽፋለሁ። ሥራው እንደሚያስቀኝ ሁሉ ይገርመኛልም፤ ሰው ለብቻው ሲቀር ከውስጡ ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ አይታወቅም።

ተናኘ ግን ምንም ያስቸገራት አይመስልም ነበር። የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ወኪል ናት፤ የሰጠኋትን ሁሉ ቶሎ ጨርሳ «ቀጥሎስ ጋሼ?» ትለኛለች። በአሥራ ስድስተኛው ቀን የበደሉትን አንድ ሰው አስበው ይቅርታ እንዲጠይቁ ለአራቱም ነገርኳቸው። ሦስቱ ወንድምና እህት መረጡ። ተናኘ አንድ ቀን አስባ ስትመጣ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ተዘግቶ በምግብ ሣጥን ተተክቷል። ለመዝጋት የተማሪዎች ወኪል ስምምነት ያስፈልግ ነበርና ደብዳቤው ተናኘ ዘንድ መጣ፣ ሹክታዋ «ፈርሚ» አለቻት፣ እሷም ፈረመች። ሃያ ሁለት ዓመት ወጥ ቤቱን የመራችው ሔርሜላ የምትባል ሴት በዚያው ሳምንት ወደ ቤቷ ሄደች። ተናኘ ይህን የነገረችኝ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ ሆና ነው። ሴትየዋ ባሏ ሞቶባታል፣ አጥናፉ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ አላት፣ እሱም አፋር ውስጥ የእንፋሎት ጉድጓድ ሠራተኛ ነው። ፊርማው የማን እንደሆነ ሔርሜላ አታውቅም።

የይቅርታውን ንግግር ጽፋ አመጣችልኝ። የመጀመሪያው «ሹክታዬ ባትለኝ ኖሮ» ብሎ ይጀምራል፤ መለስኩላት። ሁለተኛው «እኛ ተማሪዎች» ብሎ ይጀምራል፤ እሱንም መለስኩ። ሦስተኛውን አላሳየችኝም። እኔም ሥርዓቱን አስተማርኳቸው፤ ይቅርታ የሚጠየቀው በጠዋት ነው፣ ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ ለብቻ ሳይሆን ከሰው ጋር፣ ነጠላ ለብሶ፣ በሩን በእጅ አንኳኩቶ፣ ግቡ እስኪባል ቆሞ አልኳቸው። አያቴ ለዕርቅ ሲሄዱ ያየሁት እንደዚያ ነበር። ሦስቱ ጓደኞቿ ሊያጅቧት ተስማሙና ሐሙስ ማለዳ ተነሥተው ሄዱ።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከድጃ ቤቴ እየሮጠች መጣች። ሴትየዋ እየጮኹ ነው አለችኝ። ምን ብላችኋቸው ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ምንም አላልንም ጋሼ» አለች። «አንኳኳን ብቻ።»

ያን ጊዜ ያደረግኩት ነገር ገባኝና ከእሷ ጋር ወደዚያው ሮጥኩ።

ሹክታ ስለ ሁሉ ነገር ታወራለች፤ ስለ ቅርብ ዘመድ ሞት ግን አታወራም። ድሮ አንድ የክሬን ሠራተኛ ከፎቅ በላይ ተቀምጦ ሳለ የእናቱን ሞት ከሹክታው ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ደንብ ወጣ። ሰው መርዶውን በሰው አፍ፣ በቤቱ፣ በማለዳ፣ የሚደግፈው ባለበት ይስማ ተባለ። «ልጄ ደህና ነው?» ብትላት ሹክታ ዝም ትላለች። ለደህናው «ደህና ነው» ብትል ኖሮ ዝምታዋ መርዶ ይሆን ነበርና፣ ለሁሉም ዝም ትላለች። የመሥሪያ ቤት መልስ ሰጪ ማሽኖችም በዚሁ ደንብ ይገዛሉ። ሌላ እንግዳ ሁሉ ቀድሞ በሹክታ ተነጋግሮ ስለሚመጣ በሩ ራሱ ይከፈትለታል። ስለዚህ በዚህ ከተማ ሳይነገር፣ በማለዳ፣ ነጠላ ለብሶ፣ ሦስት አራት ሆኖ በእጁ የሚያንኳኳ ሰው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው የሚመጣው።

ልጆቹ ይህን አያውቁም ነበር፤ መርዶ ሊነገር ሲል ሹክታ ልጆችን ከአካባቢው ዞር ታደርጋቸዋለች። ጆሯቸው ውስጥ ብትኖር ኖሮ ከበሩ በፊት ታስቆማቸው ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የሃምሳ ዓመት ወግ አስተምሬ የላክኋቸው።

ስንደርስ ጎረቤቱ ግቢውን ሞልቶታል። ሔርሜላ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየመታች የልጇን ስም ትጠራለች። ዙሪያዋን የተቀመጡት ሰባት ሴቶች ሹክታቸው ያቀበለቻቸውን የማጽናኛ ቃል እኩል ጀምረው እኩል ይጨርሳሉ፤ ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው ሌላውን እኩል ይጀምራሉ። ሁለት ወንዶች ለድንኳኑ ቦታ ይለካሉ። ይመኙሻል ከሴትየዋ ፊት ቆማ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «ልጅዎ ደህና ናቸው፣ ምንም አልሆኑም» ትላለች፤ በተናገረች ቁጥር ልቅሶው ይብሳል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ «ደህና ነው» ይላል። ቀጥሎ «ትንሽ አሞት ነበር» ይላል። «ደህና ነው» የሚለው ቃል የመርዶው በር ሆኗል፤ በዚያ ማለዳ የሚነገር ደግ ወሬ ሁሉ ወደዚያው ይወስዳል።

እኔ ይህን እያወቅኩ ሰዎቹን ገፍቼ ገባሁና እንደ ዳኛ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ልጅሽ በሕይወት አለ፣ ስህተት ነው» አልኳት። ሔርሜላ ቀና ብላ ሽበቴን አየች።

«ይኸው» አለች፣ ለሴቶቹ። «ሽማግሌው እስኪደርስ ነበር የጠበቁት።»

ከዚያ በኋላ የጮኸችውን ጩኸት መግለጽ አልፈልግም። በሠላሳ ዓመቴ ስታዲየም ሙሉ ሰው ሰድቦኛል፤ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ግን የለም። ልጁን ማገናኘትም አይቻልም። የጉድጓድ ሠራተኞች ረቡዕ ሲገቡ ሹክታቸውንም ስልካቸውንም ከላይ ትተው ነው፣ የሚወጡት ቅዳሜ ነው። ከጎረቤቶቹ አንዱ የድርጅቱን መልስ ሰጪ ጠይቆ ነበር፤ ዝም አለው፤ ዝም ማለቱም እዚያ ቤት ውስጥ እንደ ማረጋገጫ ተቆጠረ።

ተናኘን የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ አገኘኋት። እስካሁን አንድም ቃል አልተናገረችም። ጠጋ ብዬ በይ አንቺም ግቢና ልጅዎ በሕይወት አለ በያት፣ ከአንቺ ከሰማች ታምን ይሆናል አልኳት።

«አላውቅማ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«በሕይወት መኖሩን። ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው፣ ከትናንት ወዲህ ያየው ሰው የለም። እርስዎም አያውቁም ጋሼ።»

ተናደድኩ። ሴትየዋ መሬት ላይ እየተንፈራፈረች ይህችኛዋ ቃል ትመዝናለች ብዬ ተናደድኩ። አንድ ነገር ልላት አፌን ስከፍት ግን ጥላኝ ገባች። በለቀስተኞቹ መሐል አልፋ ወለሉ ላይ፣ ከሔርሜላ ፊት ተቀመጠች።

«እትዬ ሔርሜላ» አለች። «ተናኘ እባላለሁ፤ የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ወኪል ነኝ። ወጥ ቤቱ እንዲዘጋ የተፈረመው ፊርማ የኔ ነው። የመጣሁት እሱን ልነግርዎት ነው።»

ሰባቱ ሴቶች አቋረጡ። ለዚህ ሹክታ የምታቀብለው ቃል አልነበራትም መሰለኝ፤ አንዷ ጆሮዋን መታ መታ አደረገች። ሔርሜላ ያልሰማች መስላ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ልቅሶው መሐል ላይ ቆመ።

«ልጄስ?» አለች።

«ስለ ልጅዎ የማውቀው ነገር የለም።»

በዕድሜዬ ብዙ መርዶ ሲነገር አይቻለሁ፣ ነግሬም አውቃለሁ። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ደህና ነው ይላል፣ አሞታል ይላል፣ ሐኪም ቤት ነው ይላል፤ አላውቅም ግን አይልም። የመጣው ስለሚያውቅ ነው። ሔርሜላም ይህን ታውቃለች። የልጅቷን ፊት ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ እኔን፣ ይመኙሻልን፣ ደምሰውን አየችን። ከዚያ እስትንፋሷ ሲወጣ ትከሻዋ ወረደ።

«ለዚህ ነው የመጣችሁት? ለፊርማው?»

«ለፊርማው ነው።»

«ሹክታሽ ናት ፈርሚ ያለችሽ?» ስትላት መውጫ እየሰጠቻት እንደሆነ ገባኝ፤ እዚያ የነበረ ሁሉ ገብቶታል።

«ብላኛለች» አለች ተናኘ። «የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ። ሳላነበው ነው የፈረምኩት።»

ሔርሜላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተችና ከነጠላው ሥር ተናገረች። «ተማሪዎቹ ተስማምተዋል ብቻ ነው የተባልኩት። ወጤን ጠልታችሁት መስሎኝ ነበር። አሥራ አራት ወር ሙሉ ጨው አብዝቼ ይሆን፣ ዘይት ይሆን እያልኩ ተኝቼ አላውቅም።»

ተናኘ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። የጻፈችው ንግግር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ከወረቀት የመጣ አይመስለኝም፣ «የሐሙስ ምስር ወጥዎን ሁለት ጊዜ እየተሰለፍኩ ነበር የምበላው» አለች። ሌላ ይቅርታ የሚመስል ነገር አላለችም።

ሔርሜላ ተነሥታ ለቀስተኞቹን ወደየቤታችሁ ሂዱ አለቻቸው። መሄዱ አስቸገራቸው፤ ያልሞተ ሰው ለቅሶ እንዴት እንደሚለቀቅ የነገራቸው የለም። አንዲቱ ሴትዮ ከልማድ የተነሣ እያለቀሰች ወጣች። ተናኘ ልትነሣ ስትል ግን ሔርሜላ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት።

«አንቺ የትም አትሄጂም» አለቻት። «አሁን አንዴ ሆዴ ደንግጧል። አጥናፉ ቅዳሜ ወጥቶ ድምፁን እስክሰማ አያርፍልኝም። ይህን ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ፣ አብረሽኝ ትጠብቂያለሽ። እርስዎም ጋሼ ይቀራሉ።»

ስለዚህ ሦስቱን ልጆች አሰናብቼ ሁለታችን ጠበቅን። ማታ ማታ ወደየቤታችን እየሄድን፣ በነጋ ቁጥር እየተመለስን፣ ሐሙስን፣ ዓርብን፣ ቅዳሜን ጠበቅን። ሔርሜላ ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ሰው አትወድም። እኔን ምስር አስለቀመችኝ፣ ተናኘን ሽንኩርት አስከተፈቻት። ልጅቷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ቢላ ይዛ አታውቅም፤ መጀመሪያ ጣቷን ቆረጠች፣ በጨርቅ ታሰረላትና ቀጠለች። ሁለቱ ብዙ አያወሩም። «አድቅቂው» ትላለች ሔርሜላ፣ «እሺ» ትላለች ተናኘ።

የልምምዱ ቅጽ ላይ «ተማሪው ይቅርታ አግኝቷል? አዎ ወይም አይ» የሚል ጥያቄ አለ። ዓርብ ምሳ ላይ ሔርሜላ ደህና ስሜት ላይ ያለች መስሎኝ ጠየቅኋት። ይህን ወረቀትዎን ከፊቴ ያንሡልኝ አለችኝ። አነሣሁ።

ዓርብ ወደ ቤት ስንሄድ ተናኘ መንገድ ላይ ቆመችና ቅዳሜ ባይደውልስ አለችኝ። እኔም ከሐሙስ ጀምሮ ያንኑ ነበር የማስበው። ጉድጓድ ነው፤ ሰው ሞቶበት ያውቃል። ልጁ በዚህ ሳምንት ሞቶ ቢሆን ማንኳኳታችን የእውነት መርዶ ሆኖ ሊቀር ነው፤ እሷም ዕድሜ ልኳን ተሸክማው ልትኖር ነው። ሹክታ ብትኖር እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምትጠይቅ ልጅ የምታቀብለው ደስ የሚል ነገር አይጠፋትም። እኔ ግን አላውቅም አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና አብረን ሄድን፤ ፈራሁ ብላኝ እኔም ፈርቻለሁ አልኳት።

ቅዳሜ ሠራተኞቹ የሚወጡት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዘጠኝ አለፈ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሔርሜላ የተለቀመውን ምስር እንደገና እንድለቅም ሰጠችኝ። አሥር ሰዓት ሲሆን ተናኘ የሚከተፍ ሽንኩርት ስላለቀባት ባዶውን መክተፊያ ይዛ ተቀምጣለች። ማናችንም ሰዓት አናይም፤ ማናችንም ሌላ ነገር አናስብም።

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ የቤቱ ግድግዳ እንደ ስልክ ጠራ፣ የወጣት ወንድ ድምፅም ቤቱን ሞላው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ ሰዓት እንዳቆሟቸው፣ ካልሲው እንደራሰ፣ እራት ላይ ደግሞ ያንኑ የሣጥን ሩዝ እንደሚሰጧቸው አከታትሎ ተማረረ። ሔርሜላ አፏን በእጇ ይዛ ቆማ ትሰማዋለች። ተናኘ መክተፊያውን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አንሥታ፣ ቀስ ብላ ወደ በሩ መሄድ ጀመረች፤ የታዘዘችው እስኪደውል እንድትጠብቅ ነበር፣ ደውሏል።

«እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ? ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» አለ ልጁ።

ሔርሜላ እጇን ዘርግታ የልጅቷን ክንድ ያዘች።

«ምንም አልሆንኩም» አለችው። «እንግዳ ይዤ ነው።»